ሞተራችሁን ለረጅም መንገድ ማመቻቸት፦ ከመቀመጫው እስከ ቀለሙ፣ በቅደም ተከተል

ከሀዋሳ ተነስቶ በሻሸመኔና በሀላባ በኩል ሶዶ የገባ ሞተረኛ ገና ሲወርድ ወገቡን ይይዛል። ጣቶቹን ያፍታታል። ቁርሱን ቆሞ የሚበላም አለ። ሞተሩ ግን አምሯል፤ አዲስ ስቲከር፣ ተጨማሪ መብራት፣ የሚያብረቀርቅ ስፖኪዮ። ብዙዎቻችን ከሚታየው ነገር እንጀምርና መቀመጫውን መጨረሻ ላይ እናስታውሰዋለን። ያኔ ደግሞ ገንዘቡ አልቋል።

እዚህ የተጻፈው ቅደም ተከተል የዚያ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ሰውነት፣ በመጨረሻ መልክ። ቁጥሮቹ አገር ቤት በብዛት ለምናያቸው ከ125 እስከ 200 ሲሲ ላሉ ሞተሮች የሚሆኑ ናቸው። ትልቅ የጉዞ ሞተር ያላችሁም ደረጃዎቹን እንዳሉ ተከተሉ፤ ቁጥሩን ግን ከሞተራችሁ ማኑዋል ውሰዱ።

አንድ ሕግ አለ፤ እሱን ካፈረሳችሁ ሌላው ሁሉ አይሠራም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ነድታችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። መሪውንና መቀመጫውን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ትከሻው ሲያመው ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አሰናዱ፦ ከ8 እስከ 17 ቁጥር ቁልፎች፣ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሜትር፣ ማርከር፣ ናስትሮ፣ ትንሽ ብልቃጥ የጥፍር ቀለም። የጥፍር ቀለሙ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ማንኛውንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ካቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ሮንዴላ (ቡሎን ሥር የሚገባው ክብ ቀለበት) ከቡሎኑ በየትኛው ወገን እንደነበረ ማታ ላይ አይታወስም። የተፈታውን ቡሎን እዚያው ቀዳዳው ላይ መልሳችሁ በእጅ እሰሩት፤ አይጠፋም፣ አይቀላቀልም።

ደረጃ 1፦ ሕመሙን ጻፉ

ሳትቆሙ አንድ ሰዓት ንዱ። ስትወርዱ ወዲያውኑ የት እንዳመማችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩ። «ሰውነቴን በሙሉ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቦታውን ለይታችሁ ጻፉ።

- የመቀመጫ አጥንት ካቃጠላችሁ፦ ስፖንጁ ሞቷል ወይም መቀመጫው ጠባብ ነው።
- ታችኛው ወገብ ካመማችሁ፦ የኋላው ሞላ ደርቋል፣ ወይም መቀመጫው ወደፊት እያንሸራተታችሁ ነው።
- በትከሻ መካከልና አንገት ላይ ከያዛችሁ፦ መሪው ርቋል ወይም ዝቅ ብሏል። ነፋስም ሊሆን ይችላል።
- ጣት ከደነዘዘ፦ ንዝረት ነው፣ ወይም የእጅ አንጓችሁ ተጣጥፏል።
- ጉልበት ካመማችሁ፦ ከመቀመጫው እስከ መርገጫው ያለው ርቀት አጥሯል።

ይህን ወረቀት አትጣሉት። ከዚህ በኋላ ለምታወጡት ለእያንዳንዱ ብር ምክንያቱ እዚያ ላይ መጻፍ አለበት።

ደረጃ 2፦ መሠረቱን አስተካክሉ

ይህን በአንድ ከሰዓት ትጨርሱታላችሁ። የጎማውን ነፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። የካቴናውን ልልነት አስተካክሉ፤ በአብዛኛው የከተማ ሞተር ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። የኢንጂኑን ማሰሪያ ቡሎኖች አጥብቁ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መሀል ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ከያዘ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል።

ለንዝረት አዲስ እጀታ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። የላላ የኢንጂን ማሰሪያ ያለበት ሞተር ላይ የትኛውም እጀታ አይረዳም።

ደረጃ 3፦ የኋላውን ሞላ በክብደታችሁ ልክ አድርጉ

1. ሞተሩን በመካከለኛው መቆሚያ አቁሙት፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳ። ከአክስሉ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) መካከል ቀጥታ ወደ ላይ፣ ጭራው ላይ በናስትሮ ምልክት አድርጉ። ርቀቱን ለኩና ጻፉ።
2. መቆሚያውን አንሱ። ጃኬትና ሄልሜት አድርጋችሁ፣ የምትይዙትን ዕቃ ጭናችሁ ተቀመጡ። ጓደኛችሁ ያንኑ ርቀት እንደገና ይለካ።
3. ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱ። ልዩነቱ የኋላ ጎማው ከፍና ዝቅ ከሚልበት ሙሉ ርዝመት ሲሶ ገደማ መሆን አለበት። ጎማው 10 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 3 ወይም 3 ተኩል ማለት ነው።
4. ልዩነቱ ከበዛ አሞርዛቶሩ (ሞላውን የያዘው ንዝረት አብራጅ) ሥር ያለውን ባለ ጥርስ ቀለበት ወደ ጠንካራው በኩል አዙሩ። ካነሰ ወደ ለስላሳው።

ማስጠንቀቂያ፦ ግራና ቀኙ እኩል ጥርስ ላይ ይሁኑ። አንዱ ካነሰ ሞተሩ ኩርባ ላይ ይጠማዘዛል። ቀለበቱን በመዶሻና በመሮ አትምቱት፤ ለዚሁ የተሠራ ጥምዝ ቁልፍ አለ፣ ጋራዥ ተዋሱ።

ካልሆነስ? እስከ መጨረሻው ጥርስ አጥብቃችሁ አሁንም ከሰመጠ ሞላው ደክሟል፣ ወይም ጭነታችሁ በዝቷል። ዘንጉ ላይ ዘይት ካያችሁ አሞርዛቶሩ አልቋል። ያኔ ማስተካከል ዋጋ የለውም፤ ሁለቱንም አብራችሁ ለውጡ።

ደረጃ 4፦ መቀመጫው

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም እዚህ ነው። ስህተቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ለስላሳ ስፖንጅ።

እኔም በመጀመሪያው መቀመጫዬ የፍራሽ ስፖንጅ ነበር ያስገባሁት። ሱቁ በር ላይ ስቀመጥበት ሶፋ ነው። ሀላባ ሳልደርስ ግን ስፖንጁ ሙሉ በሙሉ ተጨፍልቆ በፕላስቲኩ ላይ ተቀምጬ ነበር። መልሼ የሄድኩት የመኪና ወንበር የሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ነው። ስፖንጁን አውጥተው በሁለት ጣት ጨበጥ አደረጉት። «ልጄ፣ ሲቀመጡበት የሚመች ሌላ ነው፣ ሲውሉበት የሚመች ሌላ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስፖንጅ የምመርጠው በእሳቸው ቃል ነው።

1. መቀመጫው ሞተሩ ላይ እንዳለ፣ ልብሱ ሳይወልቅ የጉዞ ሱሪያችሁን ለብሳችሁ ተቀመጡበት፤ ጓደኛችሁ የዳሌያችሁን ጠርዝ በጠመኔ ያስምር። የምትቀመጡበት ቦታ ከምታስቡት ወደኋላ ወይም ወደፊት ሆኖ ታገኙታላችሁ።
2. መቀመጫውን ፍቱ፤ የልብሱን የስቴፕለር ሽቦዎች በጠፍጣፋ ካቻቢቴ አንድ በአንድ ንቀሉ። አሮጌውን ልብስ አትቅደዱት፤ አዲሱ የሚቆረጠው በእሱ ልክ ነው።
3. ስፖንጁን በቡጢ ፈትኑ። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። ቡጢያችሁ ሥሩን ከነካ አይሆንም። ከታች ጠንካራ፣ ከላይ ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ለስለስ ያለ ንብርብር ጥሩ ነው።
4. ቅርጹን አውጡ። የምትቀመጡበት ቦታ ጠፍጣፋና መሠረቱ (ከስፖንጁ ሥር ያለው ፕላስቲክ) እስከፈቀደ ድረስ ሰፊ ይሁን። ወደ ነዳጅ ታንከሩ ሲጠጋ አጥብቡት፤ ያለዚያ እግራችሁ መሬት አይደርስም። ስፖንጁን ከመሠረቱ በየጎኑ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አታውጡት፣ ተንጠልጥሎ ይወድቃል። በስለታም ቢላ ቁረጡ፤ ጠርዙን በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።
5. ንብርብሮቹን በማስቲሽ አጣብቁ። ሁለቱንም ገጽ ቀቡ፣ እጅ የማይዝ እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዚያ ግጠሙ። እርጥብ እያለ ከገጠማችሁት ስፖንጁ እርስ በርሱ ይንሸራተታል።
6. ሳታሰፉ ሞክሩት። ስፖንጁን በላስቲክና በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በናስትሮ እሰሩና 50 ኪሎ ሜትር ንዱ። ይህን እርምጃ የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው። ከተሰፋ በኋላ ማረም ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።
7. ልብሱን ስታለብሱ ከስፖንጁ በላይ ስስ ላስቲክ አንጥፉ። መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ኋላውን ወጥሩ፤ ጎኖቹን በመጨረሻ። ስፌቱ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አይሁን፤ ይቆረቁራል፣ ዝናብም የሚገባው በእሱ ነው። የስቴፕለሩ ሽቦ ከመሠረቱ ውፍረት ማጠር አለበት።

አሁንም ካልተመቻችሁ፦

- ወደ ታንከሩ የምትንሸራተቱ ከሆነ የመቀመጫው ፊት ዝቅ ብሏል። ከፊት በኩል አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምሩ እንጂ ኋላውን አትንኩ።
- ሁለቱም እግሮቻችሁ በጣታቸው ብቻ መሬት የሚነኩ ከሆነ ከፍታውን ሳይሆን የፊቱን ስፋት ቀንሱ።
- ታፋ ውስጥ የሚደነዝዝ ከሆነ የጎኑ ጠርዝ ስለታም ነው። አክቡት።

መቀመጫ ለማሠራት አቅም ለጊዜው ካልፈቀደ አጎዛ ያዙ። የምሬን ነው። በደንብ የለፋ የበግ አጎዛ ነፋስ ያስገባል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ክብደታችሁንም ያሰራጫል። ሥሩን በላስቲክ ማሰሪያ ከመቀመጫው በታች አሳልፋችሁ እሰሩት፤ ዝም ብሎ የተጣለ አጎዛ ኩርባ ላይ አብሯችሁ ይንሸራተታል። በዝናብ አትተዉት፣ ስትቆሙ ገልብጡት።

ደረጃ 5፦ መሪ፣ ፍሪሲዮንና መርገጫ

ይህ ከመቀመጫው በኋላ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። መቀመጫው 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ የእጃችሁ ማዕዘን በሙሉ ይቀየራል።

1. ተቀመጡ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ እጃችሁን ወደፊት ዘርጉ። ጣቶቻችሁ ያረፉበትና መሪው ያለበት ቦታ ይራራቃል? የመሪውን ማሰሪያ ቡሎኖች አላልታችሁ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አሽከርክሩ። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። በነጻ ነው።
2. የፍሪሲዮንና የፍሬን መያዣዎችን አላሉ። ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ አንድ ቀጥታ መስመር እስኪሆን አዙሩ። አንጓችሁ ወደ ላይ ከተቀለሰ መያዣውን ዝቅ አድርጉት።
3. መሪውን ከፍ ማድረግ የግድ ከሆነ በነበሩት ካቦዎች ከ2 ሳንቲ ሜትር ብዙ አትለፉ። ከዚያ በላይ ረጃጅም ካቦና የፍሬን ቱቦ ያስፈልጋል።
4. ቡሎኖቹን በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ።
5. የማርሹንና የኋላ ፍሬኑን ፔዳል ከፍታ በምትጓዙበት ጫማ አስተካክሉ። ፍሬኑን ከነካችሁ የኋላ መብራቱ አሁንም በጊዜው እንደሚበራ አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፣ ሕይወት ያለበት፦ ማርሹን ባዶ አድርጋችሁ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡ) አስነሱ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሩ። ድምፁ ከፍ ካለ የነዳጅ ካቦው ተወጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ አትንዱት። እኔ መሪ ያስቀየርኩበት ጋራዥ ይህን ሳያይ ሰጠኝ። ጠባብ መንገድ ላይ ጠምዝዤ ስመለስ ሞተሩ በራሱ ነዳጅ ጨመረና አጥር ውስጥ ገባሁ። በዝግታ እየነዳሁ ስለነበር ጉልበቴን ብቻ ተላጥኩ። ሀይዌይ መግቢያ ላይ ቢሆን ሌላ ታሪክ ነበር።

ካቦው ከተወጠረ መጀመሪያ የሚያልፍበትን መንገድ ከፎቷችሁ ጋር አስተያዩ፤ ብዙ ጊዜ በመብራቱ በተሳሳተ ወገን አልፎ ይገኛል። ካልሆነ መሪውን ወደነበረበት መልሱ።

ደረጃ 6፦ ነፋስ

ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዱ ጭንቅላታችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሌላ የነፋስ መከላከያ ከመግዛታችሁ በፊት ፈትኑ። ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መርገጫው ላይ ትንሽ ብድግ በሉ። መንቀጥቀጡ ከቀነሰ ነፋሱ ራሱ አይደለም ጠላታችሁ፤ የተረበሸው ነፋስ ነው። ያኔ መፍትሔው ያለውን መከላከያ ማሳጠር ሊሆን ይችላል። ይህ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም፤ ሁሉም የሚያስበው ማስረዘም ነው።

የመከላከያው ጫፍ ከዓይናችሁ መስመር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። መንገዱን በላዩ እዩ እንጂ በውስጡ አትዩ። አቧራና የምሽት ዝናብ ሲመጣ ምክንያቱ ይገባችኋል። ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ) ይሁን፣ መስታወት በፍጹም አይሁን። ቡሎኑ ሥር የጎማ ሮንዴላ አድርጉ፣ ከልክ በላይ አታጥብቁ፣ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል። በቤንዚን አትጥረጉት፤ በሳሙናና ውኃ ብቻ።

ከገጠማችሁ በኋላ በ40፣ በ60፣ በ80 እየጨመራችሁ ሞክሩ። መሪው መርገብገብ ከጀመረ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ፍሬን በድንገት አትያዙ። ተመልሳችሁ መከላከያውን አውርዱ።

ደረጃ 7፦ ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ) እና ሻንጣ

ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ እናንተ ተጠግቶ ይቀመጥ። ከኋላው አክስል አልፎ የተጫነ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀልለዋል፤ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ሽቅብ ስትወጡ መሪው ባዶ ሆኖ ይሰማችኋል። የግራና የቀኝ ሻንጣ ልዩነት ከ2 ኪሎ አይብለጥ፤ በሚዛን መዝኑ።

ፖርቶመጋላ ስታሠሩ፦

1. ብየዳው ከሞተሩ ላይ ተፈትቶ፣ ለብቻው ይበየድ። ሞተሩ ላይ ካልሆነ አይሆንም ካሏችሁ ባትሪውን በሙሉ፣ የሲዲአዩንም (እሳት የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ሳጥን) ሶኬት ንቀሉ፤ ታንከሩን አውርዳችሁ አርቁ። ባትሪው ሳይነቀል በተደረገ ብየዳ ብዙ ሲዲአይ ተቃጥሏል።
2. በነበሩት የቡሎን ቀዳዳዎች እሰሩ። ቴላዩን (የሞተሩን ዋና አጥንት) አትብሱ፣ አትበይዱበትም።
3. በማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እና በሻንጣው መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ የቆርቆሮ ጋሻ ጨምሩ።
4. የማሰሪያውን ትርፍ ጫፍ አስገብታችሁ ቋጩ።

ከኋላችሁ ሰው ከጫናችሁ ነጠላዋን ወይም ፎጣውን ሳትነሱ እዩ። የተለቀቀ ነጠላ ካቴና ውስጥ ሲገባ አንገት ይዞ ነው የሚጎትተው። ጃኬት ውስጥ ይታሰር። ካቴናው ላይ ያለውን መሸፈኛም «ለስታይል» ብላችሁ አታውልቁ።

ጭነቱ ከተጨመረ በኋላ ወደ ደረጃ 3 ተመልሳችሁ ሞላውን እንደገና ለኩ።

ደረጃ 8፦ መብራትና ቻርጀር

መጀመሪያ ሒሳብ። እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ ሁለት ኤልኢዲ መብራቶች 20 ዋት ናቸው። ለ12 ቮልት ስታካፍሉት 1.7 አምፒር ገደማ ይሆናል። የስልክ ቻርጀር 1 አምፒር ያህል ይጨምራል። ለሁለቱም ባለ 5 አምፒር ፊውዝ ይበቃል።

ፊውዙ ከባትሪው ጎን ይሁን እንጂ መብራቱ ጋ አይደለም። መብራቱን በሪሌይ (በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አሳልፉት፤ ቁልፉ ሲዘጋ አብሮ ይጥፋ። ሽቦን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለጥቂት ቀን ነው፤ በሽቦ መበየጃ እርሳስ (ሊድ) አስበይዱት። መሪው አንገት ላይ ሽቦው እንዳይወጠር ተርፎ ይለፍ።

ሁሉንም አብርታችሁ፣ ሞተሩን በመንጃ ፍጥነት እያሠራችሁ ባትሪውን በቮልት መለኪያ ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ደህና ነው። ከ12.8 በታች ከወረደ ሞተራችሁ ይህን ሁሉ መሸከም አይችልም፤ አንዱን አውጡ። መሪ ሲዞር ብቻ ፊውዝ የሚቃጠል ከሆነ አንገቱ ጋ የተላጠ ሽቦ አለ።

መብራቱን ወደ መሬት አዘንብሉት። ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ካሳወራችሁት የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

ደረጃ 9፦ አሁን መልኩ

እዚህ እንደልባችሁ ሁኑ። የመቀመጫውን ክር ከታንከሩ ቀለም ጋር ማመሳሰል ብቻውን ሞተሩን ሌላ ያደርገዋል። እኔ ከብዙ ቀለም ሁለት ቀለም እመርጣለሁ፤ አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ብሩህ።

ታንከር ስታስቀቡ አውርዱት፣ ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ አውጡ። የመጨረሻው አንጸባራቂ ቅብ ማድረቂያ የተቀላቀለበት ባለ ሁለት ክፍል ይሁን፤ ተራ ጣሳ ስፕሬይ የመጀመሪያው የቤንዚን ጠብታ ያነሳዋል። የዚህ ቅብ ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ ስለዚህ ተገቢ ጭንብልና ክፍል ላለው ባለሙያ ስጡት። ስቲከር ርካሽና የሚመለስ መንገድ ነው።

ሊብሬያችሁ ላይ የሰፈረው ቀለም ከሞተሩ እንዳይለይ ዋናውን ቀለም ከመቀየራችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሰሌዳ፣ ፍሬቻና የኋላ አንጸባራቂ በምንም ነገር አይሸፈኑ።

ደረጃ 10፦ ሙከራና የጥፍር ቀለሙ

የነካችሁትን ቡሎን ሁሉ አጥብቁ። ከዚያ ከቡሎኑ ራስ እስከ ተጣበቀበት ብረት ድረስ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። ቡሎኑ ሲላላ መስመሩ ይሰበራል። ቁልፍ ሳታወጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ብቻ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከቤት ሳትርቁ። መስመሮቹን እዩ፣ የተሰበረውን አጥብቁ። ቀጥሎ 150፣ በሙሉ ጭነት። የደረጃ 1ን ወረቀት አውጡና አጠገቡ እንደገና ጻፉ፤ የቀረ ሕመም ካለ ወደዚያው ደረጃ ብቻ ተመለሱ። ከመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ በኋላ መቀመጫውን ፍቱና ሥሩን በእጃችሁ ዳስሱ። እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ስፌቱን በማስቲሽ ድፈኑ።